ወደ ሥራ የሚመላለስ ብስክሌተኛ ስፖርተኛ ነውን? ስለ ሥራና ስለ ጨዋታ ወሰን የቀረበ ታሪካዊ ሐተታ

በየማለዳው በብስክሌት ወደ ሥራው የሚሄድ ሰው ስፖርት ሠራ ይባላልን? ይህ ጥያቄ በመጀመሪያ ሲሰማ ለወዳጆች ጭውውት እንጂ ለሊቃውንት ክርክር የሚበቃ አይመስልም። አንዱ «ልቡ ይመታል፥ ጡንቻው ይጠነክራል፥ ላቡም ይወርዳል፤ ስለዚህ ስፖርተኛ ነው» ይላል። ሌላው «ማንንም አልቀደመም፥ በማንም አልተቀደመም፤ ስለዚህ መንገደኛ ነው» ሲል ይመልሳል። ክርክሩ በዚህ የሚያበቃ ቢሆን ኖሮ በዚህ መጽሔት ላይ ስፍራ ባላስፈለገው ነበር። ነገር ግን ጥያቄውን በታሪክ መንገድ ስንከተለው ወደ ሌላ ከፍ ያለ ጥያቄ ያደርሰናል። ይኸውም አንዱ የሰውነት ድካም «ሥራ»፥ ሌላው የሰውነት ድካም «ጨዋታ» እየተባለ የተለየው በማን ሥልጣንና ለማን ጥቅም ነው የሚል ነው።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ ባጭሩ ሲነገር እንደሚከተለው ነው። ዕለታዊው የብስክሌት ጕዞ ስፖርት አይደለም፤ ይሁን እንጂ የስፖርት እናት ነው። በእናትና በልጅ መካከል የቆመውም አጥር ብዙ ጊዜ በተፈጥሮ የተገኘ ሳይሆን በሰው እጅ የታጠረ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሌላ ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልን እናሳስባለን።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ጥቂት መናገር ይገባል። «ስፖርት» የሚለው ቃል ወደ ቋንቋችን የገባው ከአውሮፓ ቋንቋዎች ነው። እንግሊዞችም ቢሆኑ ያገኙት ከጥንታዊው ፈረንሳይኛ ሲሆን፥ የመጀመሪያ ትርጓሜው ከሥራና ከአሳብ ዘወር ብሎ መዝናናት ማለት ነበር። ስለዚህ ቃሉ ገና ሲወለድ ጀምሮ ሥራን ከደጅ የሚያስቀር ቃል ነው። በአማርኛ ደግሞ «ጨዋታ» የምንለው ሰፊ ቃል የሕፃናቱን መሯሯጥ፥ የገናውን ፍልሚያ፥ የሽማግሌዎቹንም ወግ በአንድነት ይሰበስባል፤ ከሥራ ጋር ግን አይቀላቀልም። ብስክሌትን እንደ ጫማ የሚቈጥሩት ሆላንዳውያን ደግሞ በቋንቋቸው ሁለት ልዩ ልዩ ስሞች አሏቸው፤ በብስክሌት ወደ ጕዳዩ የሚሄደውን ሰው በአንድ ስም፥ ለእሽቅድምድም የሚነዳውን በሌላ ስም ይጠሩታል። እንግዲህ መሣሪያው አንድ ሲሆን ሰዎቹ ሁለት ናቸው ማለት ነው።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። በአገራችን ፈረስ ለመንገድም፥ ለጦርነትም፥ ለጉግስም አገልግሏል። በፈረሱ ተቀምጦ ወደ ገበያ የሚወርደውን ባላገር ማንም ሰው «ጉግስ ይጫወታል» አይለውም። በበዓል ቀን ግን ያው ሰው በዚያው ፈረስ ላይ ሆኖ ዘንጉን ይዞ ባላጋራውን ሲያባርር፥ ወይም በጋሻው እየመከተ ሲሸሽ፥ ሁሉም ጉግስ መሆኑን ያውቃል። ፈረሱ አንድ ነው፤ ፈረሰኛውም አንድ ነው። የተለየው ሜዳው፥ ጊዜውና ደንቡ ነው። ነገር ግን በገበያና በሩቅ አገር መንገድ ፈረስን ያልለመደ ሰው በበዓሉ ሜዳ ላይ ከቶ ሊቆም አይችልም። የብስክሌትም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም።

ስፖርትን በሰውነት ድካም ለመለካት የሚሹ ሰዎች ከሕክምና ጥናት ብዙ ድጋፍ ያገኛሉ። በ1953 ዓ.ም. ብሪታንያዊው ሐኪም ጄሪ ሞሪስና ባልደረቦቹ በለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ላይ የሚሠሩትን ሾፌሮችና ቲኬት ቈራጮች አነጻጽረው፥ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ከሚነዱት ሾፌሮች ይልቅ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉት ቲኬት ቈራጮች በልብ ሕመም የሚጠቁት ባነሰ ቍጥር መሆኑን አስታወቁ። በ2000 ዓ.ም. የታተመውና በኮፐንሃገን ከተማ 30,640 ሰዎችን የተመለከተው ጥናት ደግሞ የሥራን፥ የትርፍ ጊዜን፥ የስፖርትንና በብስክሌት ወደ ሥራ የመሄድን እንቅስቃሴ ለየብቻ መዘነ። ውጤቱም ወደ ሥራቸው በብስክሌት የማይሄዱት ሰዎች ከሚሄዱት ይልቅ በ39 በመቶ በሚበልጥ መጠን ለሞት እንደሚጋለጡ አሳየ፤ ይህም በትርፍ ጊዜ የሚደረገው እንቅስቃሴ ጭምር ታስቦና ተቀንሶ ነው።

እነዚህ ጥናቶች ስለ ጤና ብዙ ያስተምሩናል፤ ለተነሣንበት ጥያቄ ግን መልስ አይሰጡም። ልብ የምትመታው ለምን እንደ ደከመች ጠይቃ አይደለም። በድካም ብቻ የምንለካ ከሆነ፥ ሞፈር ተሸክሞ የሚወርደው ገበሬ፥ እንስራ አዝላ ዳገት የምትወጣው ሴት፥ ጆንያ ሲያወርድ የሚውለው ወዛደር ከስፖርተኞች ሁሉ በላይ ስፖርተኞች በሆኑ ነበር። ሁሉን የሚያስገባ ሚዛን ምንም ነገር አይለይም። ስለዚህ በሰውነት ላይ የሚታየውን ውጤት ትተን ወደ ዓላማው ማለፍ ይኖርብናል።

ሆላንዳዊው የታሪክ ሊቅ ዮሃን ሁይዚንጋ በ1938 ዓ.ም. ስለ ሰው ልጅ ጨዋታ ባሳተመው የታወቀ መጽሐፍ፥ ጨዋታ በነጻ ፈቃድ የሚደረግ፥ ከዕለታዊው ኑሮ የተለየ፥ በተወሰነ ጊዜና ስፍራ በራሱ ደንብ የሚፈጸም ተግባር ነው ሲል አስረድቷል። የአውሮፓ ምክር ቤት በ1992 ዓ.ም. ባወጣው የስፖርት ቻርተር ደግሞ፥ በማኅበር ተደራጅቶም ሆነ እንዲሁ በግል የሚደረግ፥ ዓላማው የሰውነትን ብርታትና የአእምሮን ደኅንነት መግለጥ ወይም ማሻሻል፥ ወዳጅነትን መመሥረት፥ ወይም በውድድር ውጤት ማግኘት የሆነ እንቅስቃሴ ሁሉ ስፖርት እንዲባል ወስኗል።

ይህን ፍቺ በሁለት ብስክሌተኞች ላይ እንፈትነው። አንደኛው መኪና እያለው ለጤናው ብሎ በብስክሌት ወደ መሥሪያ ቤቱ ይሄዳል። ሁለተኛው የአውቶቡስ መክፈያ ስለሌለው በብስክሌት ይሄዳል። መንገዱ አንድ፥ ዳገቱ አንድ፥ ላቡም አንድ ነው። በቻርተሩ መሠረት ግን የመጀመሪያው ስፖርት ሠርቷል፤ ሁለተኛው አልሠራም። እንግዲህ «ስፖርተኛ» የሚለውን ስም የሚያስገኘው ነገር ድካሙ ሳይሆን ምርጫ ያለው መሆኑ ነው። ይህ ፍቺ ስሕተት ነው ለማለት አንደፍርም። ነገር ግን የመምረጥ ዕድል በሰዎች መካከል እንዴት እንደ ተከፋፈለ ካልመረመርን፥ የፍቺውን ትክክለኛ ትርጕም ልናውቅ አንችልም። የታሪክም ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ብስክሌት ሲወለድ የታሰበው ለጨዋታ አልነበረም። ባደን በተባለው የጀርመን አገር የደን ሹም የነበረው ካርል ድራይስ በ1817 ዓ.ም. ባለ ሁለት ጎማ መሣሪያውን በማንሃይም ከተማ ነድቶ ባሳየ ጊዜ፥ ዓላማው ሰው ያለ ፈረስ ፈጥኖ የሚጓዝበትን መንገድ መክፈት ነበር። ያ መሣሪያ መርገጫ ስላልነበረው ነጂው በእግሩ መሬቱን እየገፋ ይሄድ ነበር። መርገጫው በፊተኛው ጎማ ላይ ተገጥሞ በፓሪስ የተስፋፋው በ1860ዎቹ ዓመታት ነው። ከዚያም በኅዳር 7 ቀን 1869 ዓ.ም. ከፓሪስ እስከ ሩዋን 123 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን ውድድር ተደረገ፤ እንግሊዛዊው ጄምስ ሙርም ከ11 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ገብቶ አሸነፈ። አዘጋጆቹ ውድድሩን ያሰናዱበት ምክንያት ይህ መሣሪያ ሩቅ መንገድ ሊያስኬድ የሚችል መሆኑን ለሕዝብ ለማስረዳት ነበር። ስለዚህ በዚያን ጊዜ ስፖርቱ ለመንገደኛው ምስክር ሆኖ ቆመ እንጂ መንገደኛው ለስፖርቱ አላገለገለም።

በ1870ዎቹ ዓመታት ግን ነገሩ ተለወጠ። የፊተኛው ጎማ እስከ ሰው ደረት ድረስ ከፍ እያለ ሄደ፤ ብስክሌቱም ፈጣን፥ አደገኛና ውድ ሆነ። በእርሱ ላይ የሚወጡት ገንዘብና ትርፍ ጊዜ የነበራቸው ጐልማሶች ነበሩ። ብስክሌት ወደ ሠራተኛው እጅ የተመለሰው፥ ጆን ኬምፕ ስታርሊ በ1885 ዓ.ም. በሰንሰለት የኋላውን ጎማ የሚያዞረውን ዝቅተኛ ብስክሌት ካወጣና፥ በቤልፋስት ይኖር የነበረው የእንስሳት ሐኪም ጆን ቦይድ ደንሎፕ በ1888 ዓ.ም. በአየር የሚነፋውን ጎማ ካስመዘገበ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ዋጋው እየረከሰ ሄዶ፥ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ የፋብሪካ ሠራተኛውና ፖስታ አዳዩ የሚጠቀሙበት ዕቃ ሆነ።

በዚያው ዘመን በእንግሊዝ አገር የስፖርትን በር የሚጠብቅ ሌላ ነገር ተነሥቶ ነበር፤ እርሱም የ«አማተር» ደንብ ነው። ብዙ ጊዜ ይህ ደንብ በገንዘብ የሚጫወቱትን ሰዎች ለማገድ ብቻ የተሠራ ይመስለናል። ነገር ግን በሄንሊ የሚደረገው የታወቀ የጀልባ ቀዘፋ ውድድር መሪዎች በ1879 ዓ.ም. ያጸደቁት ደንብ፥ ለደመወዝ ሲል በእጁ ሙያ የሚሠራን ሰው፥ አንጥረኛም ሆነ የቀን ሠራተኛ፥ ከአማተሮች ቍጥር ያስወጣ ነበር። ከሚሰጡትም ምክንያቶች አንዱ፥ በሥራው ጡንቻውን ያጠነከረ ሰው በትርፍ ጊዜው ብቻ ከሚቀዝፈው ባላባት ጋር ቢወዳደር ፍርድ ይጓደላል የሚል ነበር። በ1920 ዓ.ም. ግንበኛ የነበረው አሜሪካዊ ጆን ኬሊ በሄንሊ እንዳይወዳደር ሲከለከል፥ ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ይኸው የእጅ ሥራው ነበር፤ እርሱ ግን በዚያው ዓመት በአንትወርፕ ኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳልያ ተሸለመ። ስለ እጅ ሠራተኞች የተጻፈው አንቀጽ ከሄንሊ ደንብ የተሰረዘው በ1937 ዓ.ም. ነው።

በዚህ ደንብ ውስጥ የተሰወረውን ነገር ልብ እንበል። ዛሬ «በብስክሌት ወደ ሥራ መሄድ ስፖርት አይደለም፥ ሥራ ነውና» ይባላል። በ1879 ዓ.ም. ግን ሠራተኛው ከሜዳ የታገደው ሥራው ከስፖርት ልምምድ ጋር እጅግ ስለ ተመሳሰለ ነበር። አንዱ ክርክር የሥራን ብርታት ከቍጥር አያገባም፤ ሌላው ከመጠን በላይ ይቈጥረዋል። ሁለቱ ክርክሮች እርስ በርሳቸው የሚጣረሱ ቢሆኑም ፍጻሜያቸው አንድ ነው፤ ሠራተኛውን ከደጅ ያስቀሩታል።

የሆነ ሆኖ በሩ ለዘለዓለም ተዘግቶ አልኖረም። የማራቶን ሩጫ ራሱ የመልእክተኛ ልጅ ነው፤ የጥንቱ ታሪክ የሚነግረን ወሬ ለማድረስ ስለ ሮጠ ሰው እንጂ ለሽልማት ስለ ሮጠ ሰው አይደለም። በ1896 ዓ.ም. በአቴና በተደረገው የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሊምፒክ ማራቶንን ያሸነፈው ስፒሪዶን ሉዊስም ውኃ አመላላሽ ነበር። በብስክሌቱም በኩል በ1903 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የፈረንሳይ ዙሪያ ውድድር ያሸነፈው ሞሪስ ጋረን የጭስ ማውጫ ጠራጊ ነበር። በፓሪስ ከተማ ደግሞ የጋዜጣ አዳዮች ጋዜጣ በሚጭኑበት ብስክሌት ላይ ሸክም አድርገው የሚሽቀዳደሙበት የራሳቸው ውድድር ነበራቸው። የፈረንሳይን ዙሪያ በ1949 እና በ1952 ዓ.ም. ያሸነፈው ጣሊያናዊ ፋውስቶ ኮፒም በልጅነቱ በኖቪ ሊጉሬ ከተማ የልኳንዳ ቤት ተላላኪ ሆኖ ሥጋ በብስክሌት ያደርስ ነበር። የኮፒ ጕልበት የተሠራው በሜዳ ላይ ብቻ አይደለም፤ በትእዛዝ መንገድ ላይም ነው።

ጣሊያኖች ብስክሌትን ወደ ኤርትራ ሲያመጡ፥ ይህን ሁሉ ታሪክ አብረው አመጡ። ኤርትራን በ1890 ዓ.ም. ቅኝ ግዛታቸው አድርገው ሰየሙ። ኢትዮጵያን ለመውረር በተዘጋጁበት በ1935 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ የአስመራ ከተማ የጣሊያን ሕዝብ እጅግ በዛ። በ1937 እና በ1938 ዓ.ም. የወጡት የዘር ሕጎች ነጩንና ጥቍሩን በመኖሪያ፥ በጋብቻና በኑሮ የሚለያዩ ነበሩ። በ1937 ዓ.ም. በአስመራ የብስክሌት ውድድር በተጀመረ ጊዜ፥ ኤርትራውያን ከውድድሩ ውጭ ነበሩ። ብስክሌት ለመልእክትና ለሥራ መንዳት አልተከለከሉም፤ የተከለከሉት በዚያው ብስክሌት መወዳደርን ነው። የሄንሊው አጥር በሙያ ላይ የታጠረ ነበር፤ የአስመራው ግን በቆዳ ቀለም ላይ ታጠረ።

አስመራ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት ከተማ ናት። በዚያ ቀጭን አየር በየቀኑ የሚመላለስ ሰው፥ ማንም ሳያሠለጥነው ሳንባውንና እግሩን ያሠለጥናል። በኤርትራ የብስክሌት ታሪክ እንደሚተረከው፥ በ1939 ዓ.ም. ባለ ሥልጣኖቹ ጣሊያኖችና ኤርትራውያን አብረው የሚሽቀዳደሙበት አንድ ልዩ ውድድር አዘጋጁ፤ የታሰበውም የነጩ ብልጫ በግልጽ እንዲታይ ነበር። አሸናፊው ግን ኤርትራዊው ገብረ ማርያም ገብሩ ሆነ። ይህ ድል የሚያስደንቀው በእግር ብርታት ብቻ አይደለም። ገዢዎቹ «ይህ ሥራ ነው፥ ያ ስፖርት ነው» ብለው የሠሩት አጥር በአንድ ቀን ውስጥ ፈርሶ፥ የመንገዱ ሰው በሜዳው ላይ ታየ። አጥሩ የብቃት አጥር አለመሆኑም በዚያው ተገለጠ።

እዚህ ላይ የገናን ጨዋታ ማስታወስ ይጠቅማል። በአገራችን ልማድ በገና ሜዳ ላይ ሎሌው ጌታውን በዱላ ቢያገኘው ጌታው ሊቈጣ አይገባውም። ጨዋታው እስኪፈጸም ድረስ ማዕርግ ታግዶ ይቈያል። የሄንሊው ደንብና የአስመራው ሕግ ግን የዚህ ተቃራኒ ናቸው፤ ማዕርግን ወደ ሜዳ ይዘው የሚገቡና ሜዳውንም የማዕርግ ምልክት የሚያደርጉ ናቸው። ሕዝቦች ጨዋታን እንዴት እንደሚያጥሩ የሚያጠና ሊቅ፥ ይህን ልዩነት በቀላሉ ሊያልፈው አይገባም።

የጣሊያን አገዛዝ በ1941 ዓ.ም. ከፈረሰ በኋላ፥ በ1946 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኤርትራ ዙሪያ ውድድር ተደረገ። ኤርትራ በ1952 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ከተዋሐደች ከአራት ዓመት በኋላ፥ በእኛ አቈጣጠር በ1949 ዓ.ም.፥ ኢትዮጵያ በሜልበርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትካፈል ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችንም ላከች፤ ከእነርሱም አንዱ ገረመው ደንቦባ ነበር። ኤርትራ በ1993 ዓ.ም. ነጻ መንግሥት ከሆነች በኋላ የዙሪያው ውድድር በ2001 ዓ.ም. እንደ ገና ተቋቋመ። በ2015 ዓ.ም. ዳንኤል ተክለ ሃይማኖት በፈረንሳይ ዙሪያ የተራራ ወጪዎችን ማልያ ለበሰ። በ2016 ዓ.ም. ጽጋቡ ግርማይ በዚሁ ውድድር የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በ2024 ዓ.ም. ደግሞ ቢንያም ግርማይ በዚያው ውድድር የሦስት ቀን ድሎችንና አረንጓዴውን ማልያ አገኘ። እነዚህ ሰዎች የወጡት ብስክሌት የሕዝቡ ዕለታዊ ባልንጀራ ከሆነበት ወይም እየሆነ ካለበት ምድር ነው። እርግጥ ነው፥ መንገዱ ብቻውን ሻምፒዮን አይወልድም፤ አሠልጣኝ፥ ማኅበርና ገንዘብም ያስፈልጋሉ። መንገዱ ከሌለ ግን አሠልጣኙ የሚመርጠው ሰው አያገኝም።

ምናልባት አንድ አንባቢ «እንዲህ ከሆነ፥ ዕለታዊውን ጕዞ ለምን በግልጽ ስፖርት አንለውም? ስሙን መንፈግ የጥንቱን አጥር መልሶ ማጠር አይሆንምን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችን ግን አይደለም የሚል ነው፤ ምክንያቶቹም ሁለት ናቸው። አንደኛ፥ ጨዋታ ከጀመሩት በኋላ ሊተዉት የሚቻል ነገር ነው። የተሸነፈ ሰው ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ የደከመውም ያርፋል። የዳቦ ቅርጫት ጭኖ የሚሄደው ብስክሌተኛ ግን ቢደክመው ሊተወው አይችልም፤ ዳቦው መድረስ አለበት። የእርሱን ጕዞ ስፖርት ብንለው፥ ያሞገስነው መስሎን ግዴታውን እንሸፍንበታለን። ድህነትን በጤና ስም ማስዋብ ለተመራማሪ የሚገባ ሥራ አይደለም። ሁለተኛ፥ ስም መስጠት ብቻውን ክብር አይሆንም። ሥራ ክብር እንዲያገኝ የግድ ጨዋታ መባል አያስፈልገውም። ይህን ብናደርግ፥ ሥራ በራሱ ስም የማይከበር ዝቅተኛ ነገር ነው የሚለውን የባላባቶቹን አሳብ ሳናውቀው ተቀበልን ማለት ነው።

ይህን ስንል ጨዋታ ወደ መንገዱ ከቶ አይገባም ማለታችን አይደለም። ሁለት የማይተዋወቁ ሠራተኞች በአንድ ዳገት ሥር ሲገናኙ፥ አንዱ ጎንበስ ብሎ መርገጫውን ሲያጠብቅ፥ ሌላውም ቃል ሳይናገር ሲከተለው፥ በዚያች ጥቂት ደቂቃ ውስጥ ውድድር ተወልዷል፤ ደንቡም ሳይጻፍ ታውቋል። ዳገቱ ሲያልቅ ግን እያንዳንዱ ወደ ሥራው ይሄዳል። ስፖርት በመንገድ ላይ ይወለዳል፤ መንገዱ ራሱ ግን ስፖርት አይደለም። ይህንን መለየት የቃል ጠብ አይደለም፤ ነጻ ፈቃድ ከግዴታ ወዴት ላይ እንደሚለይ ማወቅ ነውና።

ከዚህ ሁሉ ለተማሪዎቻችን የሚተርፍ አንድ የሥራ አሳብ አለ። የስፖርት ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ከመነሻው መሥመር ጀምሮ ነው፤ የአሸናፊዎቹ ስም፥ ሰዓትና ሜዳልያ ይመዘገባል። ከመነሻው መሥመር በፊት የነበረው፥ ማለት ማን ብስክሌት ነበረው፥ በምን ገንዘብ ገዛው፥ ምን ጭኖ ነዳበት፥ የትኛው ዳገት አሠለጠነው፥ በየትኛውስ በር ላይ «አንተ አትገባም» ተባለ የሚለው ሳይጻፍ ይቀራል። በአስመራም ሆነ በሌሎች ከተሞች ይህን የሚያስታውሱ አረጋውያን የብስክሌት ጠጋኞች፥ ተላላኪዎችና ፖስታ አዳዮች በሕይወት ሳሉ ቃላቸው ሊሰበሰብ ይገባል። ወደ ሥራው የሚመላለሰውን ብስክሌተኛ ስፖርተኛ ብለን መሾም አያስፈልገንም፤ የስፖርትን ታሪክ ስንጽፍ ግን ከእርሱ መጀመር አለብን።